የእንጉዳይ ማሰሮና የዝንጀሮዋ ሰም

በድሮ ዘመን፣ ዝንጀሮ መቀመጫዋ እንደ ጀርባዋ ጠጉራም በነበረበት ጊዜ፣ ዘለቀ የሚባል ንጉሥ ነበረ። የዝንጀሮዋን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመጣበታለን።

ንጉሥ ዘለቀ ልቡ ለስላሳ ነው፤ አፉ ግን ቸኩሎ ይናገራል። አንዲት ልጅ ነበረችው። ስሟ እንጉዳይ። ምን ያስቃችኋል? ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ በማግስቱ ጠዋት ብቅ ስላለች እናቷ ናት ያወጣችላት። እንጉዳይ ደግ ልጅ ናት፤ ግን ግትር ናት። እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ በሬ ቢስባት አትነቃነቅም።

እናቷ ሞታለች። ለልጇ የተወችላት አንዲት ማሰሮ ናት። ጥቁር፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ፣ የሸክላ ማሰሮ። እናትየዋ በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ውሃ ትሞላባትና መስኮቱ ላይ ታስቀምጣታለች። ማሰሮዋ እዚያ ተቀምጣ ታልባለች። እውነቴን ነው፣ የሸክላ ማሰሮ ያልበዋል! ውሃው በገላዋ ቀስ እያለ ወዛ ወዛ ይልና ነፋስ ሆኖ ይሄዳል። ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም፣ ሙቀቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ውስጥ የቀረው ውሃ ቀዝቅዞ ያድራል። ጠዋት እንጉዳይ ትነሣና ያንን ውሃ ትጠጣለች። እናቷ ከሞተች በኋላም ውሃ የጠጣችው ከዚያች ማሰሮ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማሰሮዋ ተሰበረች።

«ማን ሰበራት?» ብላ ጮኸች እንጉዳይ።

«ድመቷ!» አለ ንጉሡ፣ ፈጠን ብሎ።

ድመቷን ማንም አልጠየቃትም። ብትጠየቅስ ምን ትላለች? «ሚያው» ነው የምትለው። ከቤተ መንግሥት ተባረረች፣ ጭራዋን እግሯ መሐል ወሽቃ ሄደች።

እንጉዳይ ስብርባሪውን በቀሚሷ ሰበሰበችና ታቅፋ ተቀመጠች። «ይቺ እንደ ድሮዋ ካልሆነች ውሃ አልጠጣም» አለች። በብር ዋንጫ አመጡላት፤ እምቢ። በቀንድ ዋንጫ አመጡላት፤ እምቢ። አባቷ በመዳፉ ቀድቶ አመጣላት፤ «እምቢ አባባ» አለች። ነፍሷን ለማቆየት ያህል አንድ ሁለት ጉንጭ ወተት ትላለች እንጂ ውሃ በአፏ አልዞረም። ከንፈሯ እንደ በጋ መሬት ተሰነጠቀ። ዓይኗ ጎደጎደ። ንጉሡ ይኼን አይቶ አዋጅ ነጋሪ አስጠራ።

አዋጅ አስነገረ። «ማሰሮዋን እንደነበረች የሚመልስ፣ የፈለገውን ይጠይቀኝ! እመልሳለሁ ብሎ ያታለለኝ ግን ከአገሬ ይውጣ!»

ይኼን አዋጅ ገደሉ ጫፍ ላይ ሆና የሰማች ማን መሰለቻችሁ? እመት ዝንጀሮ። እመት ዝንጀሮ ብልጥ ናት፣ ሆዳም ናት፣ ሥራ የሚባል ነገር አትወድም። ጢሟን ጠራርጋ መጣችና እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ፣ የሄደ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ይመለሳል» አለች።

«እስኪ አሳዪኝ።»

«ባዶ ሆድ አይታይም፣ ጃንሆይ።»

የበቆሎ እሸት አመጡላት፤ ሙልጭ አድርጋ በላች። ያን ጊዜ ወጥ ቤቷ እየጮኸች መጣች። «ቅቤዬ! ፀሐይ ላይ ረስቼው ቅቤዬ ውሃ ሆነብኝ!»

እመት ዝንጀሮ ሳቀች። «ሄደ እንጂ አልጠፋም፤ ጠርተን እንመልሰዋለን!» አለች። የቀለጠውን ቅቤ ከነዕቃው ወስዳ ጥላ ሥር፣ ምንጩ ውስጥ ነከረችው። ወደ ማታ ሲያዩት ረግቶ፣ ጠጥሮ ቁጭ ብሏል።

«አጃኢብ ነው!» አለ ንጉሡ።

በነጋታው ሸንኮራ አምጡልኝ አለች። አመጡላት። እሷ ሸንኮራዋን ስትግጥ የቤት አሽከሩ እየጮኸ መጣ። «አሞሌው እንስራ ውስጥ ወደቀ! ጨዉ የለም! ውሃው በላው!»

«ሄደ እንጂ አልጠፋም፤ ጠርተን እንመልሰዋለን!» ያንን ጨዋማ ውሃ በሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፈሰሰችና ለፀሐይ ሰጠችው። ፀሐይ ውሃውን ወሰደች። ድንጋዩ ላይ ነጭ ጨው ቀረ። አሽከሩ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ራሱ ነው!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ማር አማራት። ሰጧት። ከነሰፈፉ ነው የሰጧት፤ ሰፈፉን አላኘከችም፣ ጉንጯ ውስጥ ወሸቀችው። ብልጥ ናት አላልኳችሁም? ያን ጊዜ ድስት ጥዳ የረሳች ሴት መጣች። «ውሃዬ ፈልቶ ፈልቶ በጢስ ሄደ፣ ግማሽ ሆነብኝ!»

«ሄደ እንጂ አልጠፋም፤ ጠርተን እንመልሰዋለን!» ቀዝቃዛ ክዳን አንሥታ እንፋሎቱ ላይ ያዘችበት። ክዳኑ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ታየ። ውሃ ነው! የሸሸው ውሃ ተመልሶ መጣ።

ንጉሡ ዘሎ ተነሣ። «በቃ! ይቺ ጉደኛ ናት! ያን ስብርባሪ ስጧት!»

እንጉዳይ ግን ስብርባሪውን ቶሎ አልለቀቀችም። ዝንጀሮዋን ትክ ብላ አየቻት።

«እውነት ትመልሻታለሽ?»

«ቅቤውን መልሻለሁ፣ ጨዉን መልሻለሁ፣ ውሃውን መልሻለሁ። ማሰሮሽ ከነሱ ትበልጣለች?»

እንጉዳይ ከቀሚሷ አንድ በአንድ እያወጣች ሰጠቻት።

አሁን ነው ጉዱ። እመት ዝንጀሮ ክፍሉን ዘግታ ሥራ ጀመረች። አንድ ጊዜ ገደሏ ሥር የሸክላ ሠሪ ማሰሮ ሳይተኮስ፣ ማለት እሳት ሳይገባ፣ ዝናብ መቶት፣ ፈርሶ ጭቃ ሲሆን አይታለች። «እኔም ይኼን የተሰበረ ገል ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ጭቃ ይሆንልኛል፣ ከዚያ ማሰሮ እሠራዋለሁ» አለች። ነከረችው። ጠበቀች። ብታወጣው ገሉ ያው ገል ነው፤ ይልቁንም ታጥቦ አምሮበታል።

ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ገል ነው። እሳት ላይ ጣደችው። የጋለ ገል ሆነ። አቃጠላትና «ዋይ!» ብላ ጣቷን ጠባች። «ተመለስ እንጂ አንተ!» አለችው። ገል ደግሞ ምን ጆሮ አለው?

ከደጅ የንጉሡ ድምፅ መጣ። «እመት ዝንጀሮ! ልጄ አቅቷታል፤ ደረሰልሽ?»

«ደርሷል ጃንሆይ፣ አንገቷ ብቻ ነው የቀረው!»

ያን ጊዜ ሰፈፉ ትዝ አላት። ያኖረችውን ሁሉ ጣባ ላይ አቅልጣ ሰም አወጣች። ስብርባሪውን በሰሙ እያጣበቀች፣ ስንጥቁን በጥቀርሻ እየቀባች፣ አቆመችው። ስታዩት ማሰሮ ነው! ጥቁር፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣ አንገቷ ቀጠን ያለ።

በሩን ልትከፍት ስትል ጣባው ላይ የተረፈውን ትኩስ ሰም አየች። ይኼን ንጉሡ ካየው አለቀላት። የት ትደብቀው? ንጉሡ በሩን ገፋ። ሌላ ቦታ ጠፋ። ጣባውን በርጩማው ላይ አደረገችና ቂብ ብላ ተቀመጠችበት። ትኩስ ነው እኮ! ግን ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች።

«ይኸው ጃንሆይ፣ እንደነበረች።»

እንጉዳይ ማሰሮዋን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጉንጯን አስጠጋችባት። ንጉሡም ፊቱን አዞረ፣ ንጉሥ አያለቅስም ብሎ ነው።

«በሉ ውሃ አምጡ!» አለ።

«ቀዝቃዛ!» አለች እመት ዝንጀሮ ፈጠን ብላ። «በጣም ቀዝቃዛ ይሁን ጃንሆይ፤ የምንጭ ውሃ!»

«ልጄ ስንት ጊዜ ውሃ ባልነካው ጉሮሮዋ ቀዝቃዛ ላፈስባት? የፈላ ውሃ በማር በጥብጣችሁ፣ ሞቅ እንዳለ አምጡላት።»

«ጃንሆይ፣ ኧረ ቀዝቃዛ ለጤና…»

«ሞቅ ያለ!»

ሞቅ ያለው ውሃ በማሰሮዋ ውስጥ ፈሰሰ። እንጉዳይ አቅፋ ወደ አፏ አስጠጋች። መጀመሪያ በስንጥቁ አንዲት ጠብታ ወጣች። ከዚያ ጥቀርሻው ታጥቦ ወረደ። ሰም እንደ ቅቤ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል። ይኼን ደግሞ ከእመት ዝንጀሮ በላይ ማን ያውቃል? ማሰሮዋ እንጉዳይ እቅፍ ውስጥ ቀስ ብላ ተከፈተችና ተበተነች። ልጅቱ አንዲት ጉንጭ ሳትቀምስ ቀሚሷ ብቻ ራሰ።

እንጉዳይ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። ስብርባሪውን አንድ በአንድ መልሳ ቀሚሷ ውስጥ ለቀመች።

ንጉሡ ወደ ዝንጀሮዋ ዞረ። እመት ዝንጀሮ ልትሮጥ ብድግ ስትል… በርጩማው አብሯት ብድግ አለ! ምን ሆኖ? ቀልጦ የነበረው ሰም እሷ ስትቀባጥር በርዶ ረግቷል። ጣባውም፣ በርጩማውም፣ መቀመጫዋም አንድ ሆነዋል።

«ተመለስ!» እያለች ጎተተች፤ እምቢ። ግድግዳ ላይ ደገፈችና ገፋች፤ እምቢ። በሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይሏ ስትዘል «ቧ!» አለ። በርጩማው ቀረ። ጠጉሩም በርጩማው ላይ ቀረ። እመት ዝንጀሮ መላጣ መቀመጫዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዘበኞቹን ገለባብጣ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወጣች። ያ ጠጉር እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም።

በቃ ሳቃችሁ? አሁን ዝም በሉ፤ ልጅቱ አልጠጣችም።

በተከፈተው በር አንዲት ሴት ገባች። እማማ አንጓች ይባላሉ፤ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ማሰሮዋን ለንግሥቲቱ የሠሯት እሳቸው ናቸው። ጠዋት መጥተው ዘበኛው «ማሰሮዋን ትመልሻታለሽ?» ሲላቸው «አይ፣ አልመልሳትም» ስላሉ አላስገባቸውም። እውነት የተናገረ ደጅ ላይ ውሎ፣ ቀጣፊው ማር ሲበላ ዋለ። እማማ አንጓች ትከሻቸው ላይ አንዲት ድመት ተቀምጣለች።

ንጉሡ ድመቷን ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«ምን ፈለግሽ?» አለ።

«ልጅቱን ልጠይቅ ነው፣ ጃንሆይ። ይቺ ድመት ደግሞ ምድጃዬ አመድ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ማሰሮ ሰበረች ብለው አባረሯት አሉ። አብራኝ ሰንብታለች፤ ቤቴ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። አንድም አልነካች።»

እንጉዳይ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

 ንጉሡ በርጩማው ላይ ሊቀመጥ ሲል ሰሙን አየና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ» አለ። «እናትሽ ናፈቀችኝ። ከማሰሮዋ አንድ ጉንጭ ልጠጣ ብዬ አነሣኋት። በአንድ እጄ ይዣት ነበርና አመለጠችኝ።»

«አንተንም ትናፍቅሃለች?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ንጉሥ ነኝ ብዬ።»

«ኧረ አባባ!» አለች እንጉዳይ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሯ።

እማማ አንጓች አጠገቧ ተቀመጡ። አንዱን ገል አነሡና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ስሚኝ ልጄ። ይቺ እንደ ድሮዋ አትመለስም።»

«ቅቤው ተመልሷል እኮ!»

«ቅቤ ሲቀልጥም ቅቤ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓይንሽ አያየውም እንጂ ጨው ነው፤ ቅመሽው። ውሃም ጢስ መስሎ ሲወጣ ውሃ ነው። እነሱ ልብሳቸውን ነው የቀየሩት። ይቺ ግን ድሮ ጭቃ ነበረች። እሳት ገባችና ሌላ ነገር ሆና ወጣች። እንጨት አመድ ከሆነ እንጨት ይሆናል? ወተት እርጎ ከሆነ ወተት ይሆናል? አይሆንም። ገልም ጭቃ አይሆንም።»

«ስለዚህ ጠፋች» አለች እንጉዳይ።

«አይ። አይመለስም አልኩሽ እንጂ ጠፋ አላልኩሽም። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ገል አንጥልም። ፈጭተን ከአዲስ ጭቃ ጋር እናቦካዋለን። አዲስ ጭቃ ብቻውን እሳት ሲገባ ይደነግጣል፣ ይሰነጠቃል። እሳትን የሚያውቅ ገል ውስጡ ካለ ግን ይችላል። የእናትሽም ማሰሮ ውስጥ የእናቴ የተሰበረ እንስራ ነበረበት።»

እንጉዳይ ስብርባሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ልትፈጪያት ነው?»

«እኔ አልፈጫትም። ያንቺ ናት። ከፈለግሽ አንቺ ትፈጫታለሽ፤ ካልፈለግሽም ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ። ግን ታቅፈሻት ውሃ አትይዝልሽም።»

 ድመቷ መጥታ የእንጉዳይ እግር ላይ ተኛች። ከዚያ ልጅቱ አንዱን ገል አንሥታ ለአባቷ ሰጠችው፣ አንዱን ራሷ ያዘች።

«አብረን» አለች።

እማማ አንጓች ቤት ሄዱ። የመጀመሪያውን ገል ወፍጮው ላይ ስታደርግ እጇ እምቢ አላት። አባቷ እጁን እጇ ላይ ጫነ። ድንጋዩ «ቀጭ» አለ። ሁለቱም አለቀሱ። እማማ አንጓች ግን ወንፊታቸውን ይዘው «እንባውም ጥሩ ነው፣ ጭቃው ውሃ ይፈልጋል» አሉ። ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ዱቄቱን ነፉት፣ ከጭቃው ጋር አቦኩት። እንጉዳይ ማሰሮ ሠራች። ሲደርቅ ተጣመመ። እማማ አንጓች ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ፈርሶ ጭቃ ሆነ። «አየሽ? ያልተተኮሰ ይመለሳል። ድገሚ።» ደገመች፤ አንገቱ ወደቀ። ነከሩት፤ ጭቃ ሆነ። «ድገሚ።» በሦስተኛው ቆመ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ግን ቆሟል።

«አሁን ከተኮስነው ወዲያ ማስተካከል የለም» አሉ እማማ አንጓች። «እንዲህ ይሁን?»

«እንዲህ ይሁን» አለች እንጉዳይ።

ኩበቱ ተቆለለ፣ እሳቱ ተለቀቀ። ንጉሡ እንደ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። «ተሰነጠቀ?» ይላል። «ገና ነው» ይሉታል። «አሁንስ ተሰነጠቀ?» «ኧረ ጃንሆይ፣ ይታገሡ!» አመዱን ሲገልጡት ማሰሮው ደህና ነው። አንድም ስንጥቅ የለበትም።

ማታ ውሃ ሞሉበትና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። አደረ። አላበው። ጠዋት እንጉዳይ አንሥታ ጠጣች። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ፣ ከዚያማ ግጥም አድርጋ ጨረሰችው።

«እንዴት ነው?» አለ ንጉሡ፣ ትንፋሹን ይዞ።

«የእማዬን አይመስልም» አለች። አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ግን እንደሷ ይቀዘቅዛል።»

ሞላችበትና ለአባቷ ሰጠችው። «በሁለት እጅህ ያዝ» አለችው።

ንጉሡ ለእማማ አንጓች «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላቸው። እሳቸውም አሰቡና «ኩበት» አሉ። «ክረምት እየመጣ ነው፣ ጃንሆይ፤ እሳት ያስፈልገኛል።» የንጉሡ በሬዎች ኩበት ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ድመቷም ወደ ቤተ መንግሥቷ ተመለሰች። ድመቷ ተባረረች እንጂ እንደ ሸክላ አልተተኮሰችማ!

እና ልጆች፣ ምን ያስተምረናል? የቀለጠው ይረጋል፣ የሟሟው ይደርቃል፣ የተነነው ይወርዳል፤ ይመለሳሉ። እሳት ሌላ ነገር ያደረገው አይመለስም። የማይመለሰውን እመልሳለሁ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ አስቀድማችሁ መቀመጫውን እዩት። የማይመለሰውንም ቢሆን አትጣሉት። ፈጭታችሁ ከአዲሱ ጋር አቡኩት፤ ነገ እሳት ሲመጣ እሱ ነው የሚያቆማችሁ።

ተረቴን ጠጥታችሁ ጨረሳችሁብኝ፣ እኔ ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ ያችን ማሰሮ አቀብሉኝ። በሁለት እጅ!